ገመዱን ማን ያዘልህ?

ይሄ ተረት አይደለም። ተረት የፈለገ ሌላ ቻናል ሞልቷል፣ እዚያ ይሂድ።

የምነግራችሁ በአክስቴ ልጅ በሠርፀ ላይ የደረሰውን ነው። ግማሹን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። ግማሹን ካሜራው ውስጥ አይቻለሁ። መጨረሻውን ደግሞ ... መጨረሻውን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ባላየው ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር።

አዎ፣ በጠራራ ፀሐይ። ክፉ ነገር ጨለማ ይጠብቃል ያላችሁ ማን ነው?

ሠርፀ ፎቶ ቤት አለው። ከፊት ባለችው ክፍል ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ከኋላ ባለችው ዕብደቱን ያስቀምጣል። ዕብደቱ ሰንጢ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው አይደለም። የድሮ ሲራራ ነጋዴዎች ኪሳቸው ይዘውት የሚዞሩት፣ እጀታው ቀንድ፣ ስለቱ ጫፉ ላይ ቆልመም ያለ፣ የጭነት ገመድ መቁረጫ ሰንጢ። በቅሎ ከነጭነቷ ገደል አፋፍ ላይ ስትንሸራተት ቋጠሮ የሚፈታ ጊዜ የለም። ይቆረጣል።

አርባ አንድ ሰንጢ ነበረው። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ያነሳዋል። አንዴ ተዘግቶ፣ አንዴ ተከፍቶ፣ አንዴ ደግሞ ገመድ ሲቆርጥ። በቴሌግራም ስሙን ያስጠራችው ሦስተኛዋ ፎቶ ናት። እሷ እንድታምር ገመዱ መወጠር አለበት። ገመዱ እንዲወጠር ደግሞ ጫፉን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

የምትይዝለት እህቱ ማሂ ነበረች።

እናታቸው ስትሞት ማሂ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ እሱ ሃያ። ጸጉሯን እየጎነጎነ ትምህርት ቤት ያደረሳት እሱ ነው። ሰው እየሳቀበት ጉንጉን የተማረ ወንድ ነው። አሁን እሷም ሃያ ሦስት ሆናታል፣ ፎቶ ቤት አብራው ትሠራለች። በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለው። ሠርፀ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ያለችው እሷ ናት።

ግን እልኸኛ ነው። ፎቶ ሲያምረው ዓይኑ ይታወራል። የሬሳ ሳጥን ፊት ብታቆሙት "ብርሃኑን አስተካክሉልኝ" የሚል ሰው ነው። ስለምወደው ነው የምሰድበው።

ያን ዕለት ጠዋት ደረሳ የሚባል የዲጋ ሰው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ።

"አካም ጅርታ፣ ሠርፀ።"

"ፈያ፣ ደረሳ። ምን ይዘህልኝ መጣህ?"

ደረሳ በእጁ አልሰጠውም። ፌስታሉን ደጃፉ ላይ አስቀመጠና ፈቀቅ አለ።

"የአያቴ ሰንጢ ነው። ውሰደው።"

ሠርፀ ፌስታሉን ፈታው። እጀታው የጎሽ ቀንድ ነው፣ ጥቁር። ስለቱ እንዳይከፈት ዙሪያውን በጠፍር ታስሯል። ቋጠሮው ደግሞ አንድ አይደለም ... ሰባት ነው።

"ለምንድነው የታሰረው?"

"አባቴ ነው ያሰረው። ይዤው እንደመጣሁም አያውቅም።" ደረሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ክፈተው፣ ፎቶም አንሳው። ገመድ ግን እንዳትቆርጥበት።"

"ብቆርጥበትስ?"

"ማሎ፣ እባክህ፣ አትጠይቀኝ። ሚስቴ ወልዳለች። ቤቴ ውስጥ እንዲያድር አልፈልግም።"

ዋጋ እንኳ አልጠራም። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሄዶ እጁን ታጠበ። ሁለቴ። ከዚያ ደህና ዋል ሳይል ወጣ።

ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ምን ያደርጋል? ሰንጢውን በዚያው ፌስታል ጠቅልሎ ይሸኛል። ሠርፀ ግን መቀስ አምጥቶ ጠፍሩን ቆረጠው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሁለቱን ፎቶ አነሳ። ለሦስተኛው ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አድርጎ በየሦስት ሰከንዱ በራሱ እንዲያነሳ አደረገውና ማሂን ጠራት።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄኛውን ተወው። ሰውየው አትቁረጥበት ብሎህ የለ?"

"ማሂዬ፣ ወሬ ነው። ነይ ያዢልኝ።"

ገመዱ ያን ዕለት ጠዋት ከገበያ የተገዛ ደረቅ ቃጫ ነው። አንዱን ጫፍ የጠረጴዛው እግር ላይ አሰረው፣ ሌላውን ማሂ ያዘች።

"ወንድም ጋሼ ... ይከብዳል።"

"ገመድ ምኑ ይከብዳል?"

"እየጎተትከው ነው?"

"አልነካሁትም።"

እውነቱን ነው፣ አልነካውም። ሰንጢውን አስጠጋና ቆረጠ።

ድምፅ አልነበረውም።

የተወጠረ ገመድ ሲቆረጥ የያዘው ሰው ወደ ኋላው ነው የሚወድቀው። ይሄንን ሕፃንም ያውቀዋል። ማሂ ግን ... ወደ ፊት ተደፋች።

ብድግ ብላ ሳቀች። "ምንድነው የጎተተኝ?" አለች። ከዚያ መዳፏን አየችና ሳቋን ተወች። መዳፏ ረጥቧል።

"ልታጠበው" ብላ ወጣች።

ሠርፀ ካሜራው ላይ አጎነበሰ።

ካሜራው በራሱ ካነሳቸው የመጀመሪያዋ ፎቶ ደህና ናት።

ሁለተኛዋ ላይ ገመዱ ጠቁሯል። ውሃ ውስጥ የሰነበተ ይመስላል። ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ጠብታ አለ። ሠርፀ ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰው። ደረቅ ነው።

ሦስተኛዋ ላይ ማሂ ገመዱን በእጇ አልያዘችም።

ወገቧ ላይ ታስሯል።

አጉልቶ አየው። በጎኗ በኩል የተቋጠረ የጭነት ቋጠሮ ነው። የዛሬ ሰው እንዲህ ማሰር አይችልም፣ ማሂ ደግሞ ጭራሽ። ያን ጊዜ ነው መፍራት የጀመረው። ምከረው፣ ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ... የተባለው ለሱ ነው።

ደረሳ ጋ ደወለ። ስልኩን ያነሳው ሽማግሌ ነው። የደረሳ አባት፣ ኦቦ ታፋ።

"ኤኙ?"

"አባባ፣ ሠርፀ ነኝ፣ የነቀምቴው ፎቶ አንሺ። ስለ ሰንጢው ነበር ..."

ሽማግሌው አቋረጠው።

"ልጄ ሰጠህ?"

"አዎ።"

"ገመድ ቆረጥክበት?"

"... አዎ።"

"ኤኙቱ ሲፍ ቀቤ?" አለ ሽማግሌው በሹክሹክታ። ለሠርፀ ኦሮምኛ እንደ አፍ መፍቻው ነው፣ ሰምቶታል። ሽማግሌው ግን መልስ ሳይጠብቅ በአማርኛ ደገመው።

"ገመዱን ማን ያዘልህ?"

"እህቴ።"

ኦቦ ታፋ ረገመው። ቀስ ብሎ፣ ሳይጮህ፣ እስኪበቃው ረገመው። ከዚያ ነገረው።

"አባቴና ወንድሙ ዴዴሳን ሲሻገሩ ወገባቸው ላይ በአንድ ገመድ ተያይዘው ነበር። ወንድሙን ውሃው ወሰደው። አባቴ ቆረጠውና ብቻውን ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰንጢ ገመድ በተቆረጠ ቁጥር ጫፉን የያዘው ሰው ይጎተታል። እናቴን በእሱ ነው ያጣናት። ልጅቷ የት ናት?"

"እጇን ልትታጠብ ..."

"ከውሃ አርቃት። ገመዱን አንተ ያዝ። ሂን ገዲሲን፣ አትልቀቅ። ፀሐይ እስክትጠልቅ እንዳትለቅ። ሰንጢውን ግን አትንካ። ምንም ነገር ብትሰማ፣ አትንካ።"

ስልኩ ውስጥ ሌላ ድምፅ ነበር። የውሃ ድምፅ፣ ብዙ ውሃ። ከዚያ ተቋረጠ።

ሠርፀ እየሮጠ ወጣ። ቧንቧው ተከፍቶ ይፈስሳል። ማሂ አጠገቡ ቆማ ታያለች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም። ወገቧ ላይ ገመዱ አለ። የተቆረጠው ጫፍ መሬት ላይ ተጋድሟል። ነካው። እርጥብ ነው፣ እንደ በረዶም ይቀዘቅዛል።

"መቼ አሰርሽው?"

"እኔ አላሰርኩም" አለች። "ወንድም ጋሼ፣ ልፈታው ሞከርኩ። እንቢ አለኝ።"

አቅፎ ወደ ውስጥ አስገባትና በሩን ቆለፈ። ወንበር ላይ አስቀመጣት። እሱም ቋጠሮውን ሞከረ፣ በጥርሱ ሳይቀር። አልተፈታም። ከዚያ የተቆረጠውን ጫፍ በራሱ ወገብ ዙሪያ ጠምጥሞ አሰረው። እጄ ቢዝል እንኳ እንዳልለቃት ብሎ ነው። በመካከላቸው ያለው ገመድ ሦስት ክንድ አይሞላም ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ከውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ ሰው ጉርድ ፎቶ ፈልጎ የፊቱን በር ያንኳኳል። እነሱ በአንድ ገመድ ታስረው ፀሐይ እስክትጠልቅ ቁጭ ብለዋል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ምንም የለም።

አሥር ሰዓት። ምንም የለም። ማሂ ትንሽ ሳቀች። "ሰው ቢያየን አበዱ ይለናል" አለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወንበሯ ተንሸራተተ።

ማንም አልነካውም። ወንበሩ ሲሚንቶው ላይ እየተፋጨ፣ ማሂ እንደተቀመጠች፣ ወደ በሩ ወደ ኋላዋ ሄደች። ገመዱ ተወጠረ። ሠርፀ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ደግፎ በሁለት እጁ ያዘ።

"ወንድም ጋሼ ... ያዘኝ።"

"ይዤሻለሁ።"

"እንዳትለቀኝ።"

"አለቅሽም፣ የኔ እናት። ይዤሻለሁ።"

መዳፉ ተላጠ። ገመዱ ደም ነካው። ወንበሩ ተገልብጦ ማሂ መሬት ላይ ቀረች፣ አንገቷም ወደ ደረቷ ወደቀ፣ ራሷን ሳተች። እሱንም ይጎትተው ጀመር። ወገቡ ላይ ያለው ገመድ እየጠበቀ ትንፋሹን ዘጋው። ዓይኑ ጨለመ። ሰንጢው ከራሱ በላይ ጠረጴዛው ላይ ነው ያለው፣ ተከፍቶ።

ያኔ ሰማት።

"ሠርፀ።"

የማሂ ድምፅ ነው። በሹክሹክታ።

"ሠርፀ ... ቁረጠው። ሁለታችንም ከምንሄድ አንተ ትረፍ። እኔ አልቀየምህም። ቁረጠው።"

አልነካም አለ። አምላኩን ጠራ። ገመዱ ሌላ አንድ ጣት ጠበቀ።

"ቁረጠው፣ ሠርፀ።"

እጁን ዘረጋና ቆረጠው።

ትንፋሽ ሳበ። አንዴ ብቻ። ሁለተኛውን ሳይስብ ገባው ... ማሂ በሕይወቷ ስሙን ጠርታው አታውቅም።

ማሂ ቀና አለች። ገና መንቃቷ ነው። የተቆረጠውን ገመድ አየች፣ እሱንም አየች።

"ወንድም ጋሼ" አለች። "ለምን?"

የቆለፈው በር ክፍት ነበር። በዚያ በኩል፣ በተረከዟ ሲሚንቶውን እየፋቀች፣ ወደ ኋላዋ ወጣች። ፊቷ እሱ ላይ እንደሆነ።

ተነስቶ እስኪሮጥ ግቢው ባዶ ነው። መንገድ ላይ የቆሙትን ባለ ባጃጆች ጠየቀ። አንዱ ብቻ አየሁ አለ።

"በዲጋ መንገድ ወረደች። እርጥብ ናት። ምን ሆና ነው ግን ወደ ኋላዋ የምትሄደው?"

ይኸው ወር አለፈው። ፖሊስም ቤተ ዘመድም ፈለጋት። የለችም። ኦቦ ታፋ ለቅሶ ሊደርስ እንኳ አልመጣም። "ነግሬው ነበር" ብሎ ላከብን። ጠልቼዋለሁ፣ ግን ዋሽቷል ማለት አልችልም።

ያለፈው እሑድ ሠርፀን ቤት ልመልሰው ዴዴሳ ወረድኩ። ከዲጋ አልፎ፣ ከድልድዩ በታች፣ ዳር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ከድልድዩ በላይ መኪና ይተላለፋል። ገመድ ወገቡ ላይ አስሯል፣ ሌላው ጫፍ ውሃው ውስጥ ነው።

"ሠርፀ፣ ተነስ እንሂድ።"

"ቀስ በል፣ አበጋዝ። አትጩህ። ይዣታለሁ።"

"ገመዱን ልቀቀው፣ በናትህ።"

"አሁንማ አልለቅም።"

መዳፉን አየሁት። ስለ መዳፉ አልነግራችሁም።

ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደ ልጅነታችን።

"እጄ ዝሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ያዝልኝ።"

አልያዝኩለትም። ማሂን በጀርባዬ ያዘልኳት ሰው ነኝ። ግን ፈራሁ፣ እጄን ኪሴ ከተትኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

እሱም አልተቆጣኝም። ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ።

እኔም ያኔ ነው ወደ ውሃው በደንብ ያየሁት። ዴዴሳ ደፍርሶ ቁልቁል ይጋልባል፣ ቅጠሉንም ግንዱንም ይዞ ይወርዳል። ገመዱ ግን አብሮ አልወረደም። ሽቅብ፣ ወደ ውሃው መምጫ፣ ቀጥ ብሎ ተወጥሯል።

ሠርፀ ቀስ ብሎ ሳብ አደረገው።

ከወዲያ በኩል ... ሁለት ጊዜ ሳብ፣ ሳብ ተደረገ።