ከጉድጓዱ በኩል የተንኳኳው ግድግዳ

እኔ እንግዲህ ሰው «ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ» ሲለኝ «ጠጥተህ ነው» ብዬ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ማርያምን፣ ይቺንም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር፣ በራሴ ስለደረሰች ነው ወዳጄ፣ ስማኝ።

አዳማ ያለችው የጭቃ ቤቴ ከጎረቤቴ ከአሮጊቷ ከአደ ሎሚ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች ነበረች። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሳቸው ደግሞ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም፣ ቧንቧው ማንኮራፋት ሲጀምር ግድግዳውን ሦስቴ ይመቱልኛል፣ እኔም ጄሪካኔን ይዤ፣ ከወለድኩ ወዲህ ደግሞ ልጄን አዝዬ፣ እወጣለሁ፣ ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። አምና ግቢያቸው ለፎቅ ተሸጠና ሞጆ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ቤታቸው ፈርሶ ለመሠረት ሲቆፈር የኔ ግድግዳ ገደል አፋፍ ላይ ቀረ፣ ለቆፋሪዎቹ ብጮህ ብለምን «አይዞሽ፣ ምንም አይሆንም» አሉኝ፣ አይዞሽ ማለት መቼ ይከብዳል።

ሐሙስ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቆፋሪዎቹ ምሳ ወጥተዋል፣ የአዳማን ሙቀት ታውቀው የለ፣ ልጄን አቅፌ ግድግዳው ሥር ጋደም ብያለሁ። መጀመሪያ አፈር ሲንሸራተት ሰማሁ፣ አይጥ ነው አልኩ። ቀጥሎ ግድግዳው ተንኳኳ፣ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ። እመነኝ፣ ያስነሳኝ ልማድ ነው፣ ውሃ መጣ ብዬ ልጄን አዝዬ ወጣሁ፣ ቧንቧውን ብከፍተው ጠብታ የለም። በዚያ በኩል እኮ ባዶ ጉድጓድ ነው፣ ማን ቆሞ አንኳኳ ብዬ ሳስብ፣ ከኋላዬ ግድግዳው አልጋዬን ይዞ ወረደ።

እሑድ፣ ልቤ አላስቀምጥ ቢለኝ፣ ሞጆ ሄድኩ። ልጃቸው በር ላይ ተቀብላኝ፣ እናቷ ሰው መለየት ካቆሙ መቆየታቸውን ነገረችኝ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ ግን ድንገት ተነስተው ግድግዳ ሲደበድቡ ይዛ ማስቆም አቅቷት ነበር፣ ጣታቸው ሁሉ ተልጦ አብጧል፣ ይህን ስትለኝ እኔ ገና ምንም አልነገርኳትም። እንባዬ መጣ፣ ገብቼ ያንን እጃቸውን እያገላበጥኩ ሳምኩት፣ «ገለቶማ አደ፣ ልጄን አተረፉልኝ» አልኩ፣ እግዜር ውለታቸውን ይክፈልልኝ፣ እኔ በምን አቅሜ።

አደ ሎሚ ጀርባዬ ላይ ያለችውን ልጄን ትኩር ብለው አዩና፣

«ሁለተኛዋስ? አልወጣችም?» አሉኝ።

እኔ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። ቢሆንም ቆፋሪዎቹን ለምኜ ፍርስራሹን አስገላበጥኩ፣ ምንም የለም። ባለፎቁ ግድግዳዬን በብሎኬት መልሶ ሠርቶልኛል፣ ተመስገን፣ ልጄም አድጋ እየሮጠች ነው። ሳስተኛት ግን ከጎኗ የአንድ ልጅ ቦታ እተዋለሁ።