በሰባተኛው ጉድጓድ ያለችው ኳስ

ዴኒስ ኦርቤል ኳሱን ሊያወጣ ወደ ጎልፍ ሜዳው ሰባተኛ ጉድጓድ ጎንበስ አለ። እጁ ሁለት አገኘ።

አንዷ ቀለል አለችው።

ኪሱ ከተታት። ከስለላ መሥሪያ ቤቱ የተሰረቀው፣ እሱም ሊያስመልሰው የተላከው ፊልም ሆዷ ውስጥ ነው። ፊልሙ ላይ ከባሕሩ ማዶ በስውር የሚሠሩ የአራት ሰዎች ስም አለ። ጠላት እጅ ከገባ አራቱም ይረሸናሉ። ሌባው ማን እንደሆነ አልታወቀም።

የእንግሊዟ ሰፎክ ንፋስ ከባሕሩ እየተነሣ ፊት ይልጣል። ክለቡ ኦርቤልን የሚያውቀው ከኢፕስዊች እንደመጣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው። ያለ አባል እንግዳ አይገባምና ያስገባው አለቃው ሻለቃ ፓስክ ነው፤ አርባ ዓመት እዚህ የተጫወተ፣ ስለላንም ጎልፍንም ያስተማረው ሰው።

ስምንተኛው መነሻ ላይ ኦርቤል የራሱን ኳስ ሣሩ ላይ አስቀመጠ።

«ድርጭት፣» አለው ሻለቃው በሥራ ስሙ። «ያቺን ቀላሏን ወዲህ በላት።»

ቀላል መሆኗን አልነገረውም።

ዞር ሲል ሽጉጡን አየ።

«እርስዎ ነዎት?»

«ኳሷን የምትወስደው ጀልባ ባትዘገይ ባዶ ጉድጓድ ነበር የምትዳብሰው። ዕድልህ ሁሌም ከችሎታህ ይበልጣል።»

«አራት ሰው ነው፣ ሻለቃ።»

«አምጣ ልጄ፣ አታድርቀኝ።»

ዙሪያቸውን ቢጫ አበባ ያለበሰው እሾህ ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል። መውጫ የለም።

«መጀመሪያ ይቺን ልምታ።»

«እሷንም ትስታታለህ!»

ኦርቤል እግሩን አስተካክሎ ዱላውን ወደ ኋላ አነሣ። ሻለቃው ዝም አለ። ሰው ኳስ ሊመታ ሲል መናገርም መንቀሳቀስም እዚህ ነውር ነው። አርባ ዓመት ጭጭ ያለ ሰው ዛሬም ጭጭ አለ። ዓይኑ ኳሷ ላይ ተተከለ። አፈሙዙም ወደ ሣሩ አዘነበለ።

ኦርቤል ኳሷን አልመታም።

ዱላው የሻለቃው ጆሮ ግንድ ላይ አረፈ። ሽጉጡ አንዴ ጮኸ፤ የኦርቤል ሁለት ጣቶች ተቆርጠው ሄዱ። ሻለቃው እሾሁ ውስጥ ተዘረረ።

«ይሄ... ነውር ነው፣» አለ። ሌላ አልተናገረም።

ኦርቤል አጠገቡ ተንበረከከ። የመምህሩን ዓይኖች ከደነ።

ወደ ኖርዊች በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ በመሐረብ የተጠቀለለ እጁን ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀመጠ። ቲኬት ቆራጩ ጫማው ላይ ያለውን ሣር አየ።

«ጨዋታ እንዴት ነበር፣ ጌታዬ? ከማን ጋር ተጫወቱ?»

«ብቻዬን።»

ማንም እንዳይከተለው ከከተማው ሁለት ፌርማታ ሲቀር ወረደ። ከባሕሩ ማዶ አራት ሰዎች በዚያ ምሽት ራታቸውን በሉ። ማን እንዳተረፋቸው አላወቁም።

ከማንስ እንዳተረፋቸው።