የኮንጋ ልጆች ጸደይ

በመጋቢት ወር ፲፱፻፹፰ ዓመተ ምሕረት፣ ሦስት ቀን ሙሉ የጣለው ዝናብ ባባራ በሳምንቱ፣ የኮንጋ መንደር ቡና ባንድ ጊዜ አበበ፤ ከእንሰቱ ሥር ኮረብታው ሁሉ ነጣ፤ ሽታውም እስከ ይርጋጨፌ መንገድ ድረስ ወረደ።

በዚያ ማለዳ የሦስተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ወይዘሪት አልጋነሽ ሸዋአለም፣ የዲላ ነጋዴ ልጅ፣ ስልሳ አንድ ተማሪዎቿን ከክፍል አስወጥታ ወደ ቡናው ማሳ መራቻቸው። በመስከረም ስለ ጸደይ ግጥም ጻፉ ብትላቸው፣ ሁሉም የመጽሐፉን የአደይ አበባ ስንኝ ገልብጠው ሰጥተዋት ነበር፤ “አደይን በዓይኑ ያየ አለ?” ስትል አንድም እጅ አልወጣም። ያን ቀን በራሷ አፍራ፣ ቡናው እስኪያብብ ስድስት ወር ጠበቀች።

“ያያችሁትን ብቻ ጻፉ። መጀመሪያ በቤታችሁ ቋንቋ አውሩት፤ አማርኛው ይደርሳል” አለቻቸው።

የወረዳው ሱፐርቫይዘር አቶ ተሾመ በሞተር ብስክሌት ደርሰው ክፍሉን ባዶ ቢያገኙት፣ የልጆቹን ድምፅ ተከትለው መጡ።

“ወይዘሪት አልጋነሽ፣ ዕቅድዎ ዛሬ ሰዋስው ነው ይላል። ጸደይ እኮ አልፏል።”

“ለመጽሐፉ አልፏል፣ ጋሽ ተሾመ። ለነዚህ ልጆች ግን ገና መግባቱ ነው። እባክዎ አንዷን ይስሙልኝ።”

ሩሃማ ደግነት፣ ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ አፏን ከፍታ የማታውቅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ተነሥታ አነበበች፤

ትናንት ቡናው አረንጓዴ ነበር፣
ዛሬ ነጭ ልብስ ለብሳ አየኋት፤
አባቴ አበባውን አትንኩ አለን፣
እኔም ከሩቅ ቆሜ አሸተትኋት።

“ቡናው መጀመሪያ ወንድ፣ ቀጥሎ ሴት ሆነ፤ ይህ ስሕተት ነው” አሉ አቶ ተሾመ።

“ስታብብ ሴት ናት” አለች ሩሃማ፣ ቀስ ብላ።

ልጆቹ ሳቁ፤ አቶ ተሾመም ፈገግታቸውን መደበቅ ተስኗቸው፣ “እስቲ ድገሚልኝ” ብለው ስንኞቹን በማስታወሻቸው ጻፉ። መምህርቷን ግን ገለል አድርገው፣ “ሪፖርት መጻፌ አይቀርም። እርስዎም የዘንድሮው ክረምት የዲፕሎማ ሥልጠና ዕጩ ነዎት። ልጆቹን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው ብለው ይፈርሙና ይለፍ” አሏት።

አልጋነሽ ያንን ሥልጠና አራት ዓመት ጠብቃዋለች። ወደ ልጆቹ ተመለከተች፤ ገሚሱ እርሳሱን እያኘከ፣ ገሚሱ በጉልበቱ ላይ እየጻፈ ነበር።

“የወጡት ግጥም ሊጽፉ ነው። የምፈርመውም ይህንኑ ነው” አለች።

በክረምቱ ዕድሉ ለሌላ መምህር ተሰጠ። አልጋነሽ ወሬውን የሰማችው ወደ ዲላ በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ ነበር፤ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ አለቀሰች፤ በተከታዩ መጋቢት ግን ቡናው ባበበ ዕለት ተማሪዎቿን ይዛ ወጣች። ሥልጠናውንም ያገኘችው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።

የዚያ ዘመን መዛግብት ከኮንጋ ስንት ኩንታል የታጠበ ቡና እንደ ወጣ ይናገራሉ። ስለ አልጋነሽ የተረፈው፣ “ከዕቅድ ውጭ አስተምራለች” የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ግጥሞቹ የተጻፉባቸው ወረቀቶችም የት እንደ ገቡ አይታወቅም። ነገር ግን የዚያ ዓመት ስልሳ አንድ ሕፃናት፣ የተወለዱበት ምድር በመጽሐፍ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን ሳይጠራጠሩ አደጉ፤ ይህ የሚመዘገብበት ዓምድ ያለው ቅጽ እስከ ዛሬ አልታተመም።