ከሸራው ውስጥ የመጣው ሳል

ያላመነ አይመን... እኔ ግን በጆሮዬ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

1998 ዓ.ም.፣ ቡታጅራ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ጠራራ ፀሐይ ነበር፤ "ጨለማ አታሏት ነው" እንዳትሉኝ።

ሃሊማ እባላለሁ። ባለቤቴ ጀማሉ በኮምፕረሰር አሸዋ እየረጨ የታንከር ዝገት ያጸዳ ነበር። አቧራው ጎረቤት እንዳይረብሽ በሸራ ድንኳን ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሲጨርስ አሸዋውን እኔ ጠርጌ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ለሚቀጥለው ሥራ አዘጋጃለሁ።

ሸራው ለጎረቤት የከለከለውን አቧራ ለእሱ አስቀረለት። ሳንባውን ጨረሰው። ገና ጎልማሳ ሳለ ቀበርኩት።

ታናሽ ወንድሙ ሸምሶ ሥራውን ተረከበ። ብዙም ሳይቆይ እሱም መሳል ጀመረ።

"ተው ሸምሶ፣ አንተንም አልቅበር" ብዬ ለመንኩት።

"የወንድሜን ልጆች ማን ያብላቸው?" አለኝ።

ወንፊቴን አንስቼ ወደ አሸዋዬ ተመለስኩ።

የዚያን ዕለት የዛገ የውሃ ታንከር ድንኳኑ ውስጥ አስገብቶ፣ ሳይጀምረው የአስር ሶላት ሊሰግድ መስጊድ ሄደ። ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። እኔ ደጅ ላይ አሸዋ እነፋለሁ።

አንድ ነገር ግራ ገባኝ...

አሸዋ በተረጨ ቁጥር እየደቀቀ ይቀንሳል። ያን ቀን ግን ብነፋው፣ ብነፋው አያልቅም። ደግሞ ይሞቃል... ጥላ ውስጥ ተቀምጦ።

ከዚያ ከድንኳኑ ውስጥ ሳል ሰማሁ።

አንድ ደረቅ... ቀጥሎ ሁለት የተያያዙ...

የጀማሉ ሳል ነው። ስንት ሌሊት ጀርባውን እያሸሁ የሰማሁትን ሳል እንዴት እረሳዋለሁ?

ወንፊቱ ከእጄ ወደቀ። ቀስ ብዬ ተጠጋሁ።

"ጀማሉ?"



"ሃሊ..."

እንዲህ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር።

"አትግቢ... አቧራ አለ።"

በሕይወት እያለም የሚለኝ ይህንኑ ነበር። ሸራውን በሁለት እጄ ጨብጬ አለቀስኩ።

"ናፍቀኸኛል" አልኩት በሹክሹክታ።

"ሸምሶ እንዳይገባ..."

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?"

ዞር ስል ሸምሶ ከኋላዬ ቆሟል።

"ዛሬ አትገባም!" አልኩት።

"ሃሊማ፣ ምን ነካሽ?" ገፋ አድርጎኝ ሸራውን ገለጠው።

ማንም የለም።

ታንከሩ ላይ ግን አንዲት የዝገት ነጥብ እንኳ የለችም። ብረቱ ያብረቀርቃል። ሸምሶ ነካ አድርጎት እጁን መለሰ።

"ያ አላህ... ይሞቃል።"

ኮምፕረሰሩ እንደቀዘቀዘ ነው።

የሰማሁትን ሁሉ ነገርኩት። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። "በቃኝ" አለ፣ "ኮምፕረሰሩን ሸጬ ሽንኩርት እነግዳለሁ።"

ድንኳኑ ውስጥ ያለውን አሸዋ ጠርጌ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨመርኩት። ሸምሶ "ልድፋው" ቢለኝም እሺ አላልኩም። አልጋዬ አጠገብ አቆምኩት። የከረጢቱን አፍ ለማሰር ግን አንጀቴ አልቻለም።

ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ሲሰማ ዞር ብዬ አየሁት።

አሸዋው ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል... ቀስ ብሎ፣ እንደተኛ ሰው ደረት።

ጆሮዬን አስጠጋሁ።

አይስልም ነበር።