ከፎይሉ ሥር

ሌስያ ብልቃጥ በፎይል ስትጠቀልል ላያት ሕፃን የምታስተኛ ትመስላለች። ውስጡ ስድስት ወር የለፋችበት ቀለም አለ። ህዋስ ሲጨነቅ ግልፍተኛ የሆነ የኦክስጅን ዓይነት ያመነጫል፤ ያ ኦክስጅን ቀለሙን ሲነካው አረንጓዴ ይበራል። ህዋሱ ሰላም ከሆነ ጨለማ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሰው ግን ዕድሜውን ይሰጠዋል።

ቀለሙን ለህዋሳት የሚያጠጣው አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ የሚሠራው ሬናቶ ነው። የተዋወቁት በብርዳሟ የካናዳ ከተማ በዊኒፔግ፣ በላቦራቶሪው ሕንፃ ሊፍት ውስጥ፣ ብልቃጥ የምታቀዘቅዝበትን የበረዶ ባልዲ ጫማው ላይ ደፍታበት ነው።

«ዊኒፔግ በረዶ አንሷት ነው?» አላት።

መልሱ የመጣላት ላይኛው ፎቅ ከደረሰች በኋላ ነው፤ ከፎይሉ ሥር ብልቃጡ ላይ በምትለጠፈው፣ ቀን በሚጻፍባት ወረቀት ላይ «ጫማህ ደረቀ?» ብላ ጻፈችና ላከችለት። በሚቀጥለው ሳምንት «ፀጉርህን ላም ላሰችው እንዴ?» አለች። ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ሁለቱም ስለ አየሩ ብርድ አውርተው ይለያያሉ። ጉድ እኮ ነው።

ከዚያ ቀለሙ ከዳት። ምንም ያልነካቸው፣ ሰላም የሆኑ ህዋሳት ሁሉ ይበሩ ጀመር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ማክብራይድ የአርቡ ሙከራም እንዲህ ከሆነ ሥራው እንደሚዘጋ፣ ሌስያም ሃሊፋክስ ወዳለ ሌላ ላቦራቶሪ እንደምትሄድ በለሆሳስ ነገሯት። ሃሊፋክስ በመኪና የአራት ቀን መንገድ ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ አዲሱን ብልቃጥ አድርሳ ስትመለስ፣ ጓንቷን ረስታ ኖሮ ዞራ ገባች። ሬናቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ፎይሉን ልጦ፣ ብልቃጡን ፀሐይ ላይ ይዞ ወረቀቷን እያነበበ ብቻውን ፈገግ ይላል።

«ቀለሙ ብርሃን ካየ በራሱ እንደሚበራ አታውቅም?» አለችው።

«አውቃለሁ። አንድ ደቂቃ ምን ያደርጋል ብዬ ነው።»

«አንድ ደቂቃ ብቻ?»

ሬናቶ ጫማውን አየ። «አንዳንዴ… የምሳ ሰዓቴን ሙሉ።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ግድግዳ ተደግፋ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ እሱ እስከ ጆሮው ቀልቶ ይቅርታ ይጠይቃል።

በማግስቱ ሌላ ብልቃጥ አመጣችለት። «ዛሬም ጽፌልሃለሁ። ሥራው ሳያልቅ ከላጥከው ግን ሃሊፋክስ ነኝ።»

ሬናቶ ቀኑን ሙሉ በዚያ ፎይል ዙሪያ እንደ ጾመኛ ተንጎራደደ፤ አልነካውም። ማምሻውን በጨለማው ክፍል ማይክሮስኮፑ ላይ ተራ በተራ አጎነበሱ። የተጨነቁት ህዋሳት አረንጓዴ በርተዋል። ሰላም የሆኑት ጨለማ ናቸው።

«አሁንስ?» አለ በሹክሹክታ።

«አሁን ላጠው።»

በስልኩ መብራት አነበበው፦ «ከዚህ በኋላ በአፌ ነው የምነግርህ።»

«እሺ፣ ንገሪኝ።»

ያቺ በወረቀት ላይ ምላሷ የሚረዝም ልጅ በቃል ፈንታ በጨለማው እጁን ፈልጋ ያዘችው። ውጤቱን ለማየት የመጡት ፕሮፌሰር በሩን ሁለቴ አንኳኩተው ጠበቁ፣ ሦስተኛውን ትተውላቸው ሄዱ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሌስያ አንድ ነገር በፎይል ትጠቀልላለች፤ የሬናቶን ምሳ ነው። ከሥሩ ወረቀት አለ። ያንን ፀሐይ ላይ ቢገልጠው የሚቆጣው የለም።