የሻምፒዮኗ ኮርሴት

አዴላ ፌንዊክን ሦስት ዓመት ሙሉ የቴኒስ ዋንጫዋን የነጠቀቻት ሴት አልነበረችም። በዚያ የሰኔ ከሰዓት ግን ራኬቷን እንደጨበጠች እንግሊዝ አገር ቼሻየር ከሚገኘው ክለቧ ሣር ላይ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ሐኪሙ ከልክ በላይ ጠብቆ የታሰረውን ወገብ ማቅጠኛ ኮርሴቷን በመቀስ ቀዶ ሲከፍተው ጎድኗ ሰንበር በሰንበር ሆኗል። ልቧ ከልጅነቷ ደካማ እንደነበር የሚያውቁት እናቷና እህቷ ብቻ ናቸው።

ኢንስፔክተር ግሪምሾ መጀመሪያ ተጋጣሚዋን ጠራ።

«ከሜዳ ውጪ አጠገቧ ደርሼ አላውቅም» አለች ሚስ ቶርንበሪ። «ደሞስ የሞተች ሴት አሸንፌ ምን እባላለሁ?»

እህቷ ሄስተር ቀኝ አውራ ጣቷን በፋሻ ጠቅልላ ገባች።

«ኮርሴቷን ማን አሰረላት?»

«እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ጣትሽስ?»

«ትናንት ስንጫወት ወለም አለኝ።»

እናትየዋ የክለቡ ሰገነት ላይ ነበሩ። ሰዎች እህል ይቅመሱ እያሉ ሲለምኗቸው እሳቸው የኪያር ሳንድዊች ይቆነጥራሉ። ነጭ ጓንታቸውን ቅቤ ነክቶታል።

«ኳስ ገደለብኝ!» አሉ። «ጨዋ ሰው ሊያገባት ደጅ ሲጠና ዓመቱ፤ እሷ እቴ!»

አመሻሽ ላይ ግሪምሾ ሁሉንም ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበ።

«ሚስ ሄስተር፣ ይህን ቃልሽን ዳኛ ፊት ብትደግሚው አንገትሽን ያስከፍልሻል። ግን ዋሽተሻል። በዚያ ጣት እንኳን ኮርሴት፣ የጫማ ክር አይጠብቅም። ሚስ ቶርንበሪም አይደለችም፤ ኮርሴት የሚታሰረው ከጀርባ ነው፤ ሴት ደግሞ ጀርባዋን ሰጥታ የምትታሰረው ለቤተሰቧ ነው። ወይዘሮ ፌንዊክ፣ እርስዎ በጓንት ሲበሉ አየሁ። እርስዎን የመሰለች ወይዘሮ ይህን ነውር የምታደርገው እጇን ማሳየት ስትፈራ ነው። እባክዎ ያውልቁት።»

ወይዘሮዋ አወለቁ። የኮርሴቱ ገመድ ሁለቱንም መዳፋቸውን ልጦታል።

«‹ቀጥ ብለሽ እንድትታዪ ነው› ስላት ‹እሺ እማዬ› አለችኝ» አሉ። «ትንፋሽ አጥሯት እንድትሸነፍ ብቻ ነበር። ከተሸነፈች ትተወዋለች፣ ታገባለች ብዬ...»

ሄስተር አለቀሰች። በውሸቷ እናቷን ልታድን አስባ ነበር፤ አሁን ግን የምታውቀውን አወጣችው።

«እማዬ፣ ጨዋታውን ልትተወው እኮ ነበር። ይቺን ዋንጫ ወስጄ አገባዋለሁ ብላኛለች። ዛሬ እራት ላይ ልትነግርሽ ነበር።»

«ውሸትሽን ነው!» አሉ እናትየዋ። «ሄስተር፣ ውሸቴን ነው በይኝ።»

ሄስተር ፊቷን አዞረች።