ጠመንጃ አይጾምም

አያ አላምረው ተመትቶ የወደቀው ለኢላማ ከሚተኮስበት ነጭ ድንጋይ ሥር አይደለም፤ ከድንጋዩ በስተቀኝ፣ ሦስት እርምጃ ፈንጠር ብሎ፣ የዘወትር ቦታው ላይ ነው። ኮሶዬ ውስጥ ያንን ቦታ የማያውቅ የለም። ጠመንጃ በተሞከረ ቁጥር ሽማግሌው ከገደሉ ማዶ፣ ከኢላማው ጎን ቆሞ «ነካ» ወይም «ሳተ» እያለ ይጣራል። በአርበኝነቱ ዘመን ያመጣው ልማድ ነው። ተው ቢሉት፣ «ተኳሹን ካላመንሁት ጠመንጃዬን ለምን እሰጠዋለሁ?» ይላል። ይኸው አምኖ ሞተ።

የተኮሰው ክንዱ ነው፤ የታላቅ ወንድሙ ልጅ። አባቱ በጣሊያን ጊዜ፣ ሰው ጠቁሞበት ሲገደል፣ ክንዱ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። አያ አላምረውና ሚስቱ ሽታዬ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውምና እንደ ዓይናቸው ብሌን አሳደጉት። አሁን ሽታዬ ፊቱን ማየት ተስኗት በሯን ዘግታበታለች። እሱም ሦስት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምስ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጧል። ራሱን እንዳይወረውር ዘመዶቹ በየተራ ይጠብቁታል።

ጣሊያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ወቅቱ ሁዳዴ የተጋመሰበት ነው። ከጎንደር የመጣው መርማሪ መቶ አለቃ ወልደ ዮሐንስ ይባላል፤ ቀጭን፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን የሚያይ ሰው ነው። አገሬው ሬሳውን ቀብሮ፣ ፍርዱንም ሰጥቶ ጠበቀው።

«ጌታዬ፣ የገደለው ጠመንጃው ነው» አለው የሟቹ ታናሽ ወንድም ባዬ፣ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጠላውን እንዳጣፋ። «ጠመንጃው ላይ ያለውን ያንን መነጽር አላምረው የወሰደው ከጣሊያን መኮንን ሬሳ ላይ ነው። የመኮንኑ ዓይን እውስጡ ቀርቷል ይባላል። ያ ዓይን ነው ልጁን ያሳሳተው።»

«ዓይን ካለበት እናየዋለን» አለ መቶ አለቃው።

መጀመሪያ ሄዶ ክንዱ አጠገብ ተቀመጠ።

«የት ላይ ነው ያነጣጠርኸው?»

«ድንጋዩ ላይ። ነብር በጎቻችንን ስለፈጀ ጠመንጃው ይሞከር ተብሎ ነው። በመነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀል ድንጋዩ መሀል ላይ ነበር፣ በማርያም።»

«ከዚያስ?»

«ነካ ይላል፣ ወይ ሳተ ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ዝም አለ። አሁንም እየጠበቅሁ ነው ጌታዬ። ጆሮዬ መጠበቁን አልተው አለኝ።»

መቶ አለቃው ፊቱን አዞረ። እሱም ከጦርነቱ ያመጣው፣ በየሌሊቱ የሚሰማው የራሱ ዝምታ ነበረው።

ቀጥሎ የጠመንጃ ጠጋኙን እንኳየሁን አስጠራ። ይህ ሰው ከሽማግሌው ጋር በሰው ፊት ተሰዳድቦ ስለነበር አገሩ በጥርጣሬ ያየዋል።

«መነጽሩን የገጠምኸው አንተ ነህ?»

«ሰኞ ገጠምሁት። ብሎኖቹን አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን ጥቂት እያልሁ ነው ያጠበቅሁት፤ አንዱን ብቻ ቀድመው ቢያጠብቁት መነጽሩ ይዘምማል። ተኩሼም ድንጋዩን ነክቻለሁ።»

«ጠቡስ?»

«በቅቤ ነው። ጠመንጃውን በቅቤ ያሸዋል፤ ቅቤው በብርድ ይረጋና መስታወቱን ያደበዝዘዋል። እንደኔ በቀጭን የማኪና ዘይት አድርገው፣ መስታወቱንም በንጹሕ ጨርቅ ብቻ ጥረገው ብለው አዋረደኝ።»

ሽታዬ ከቤቷ ሳትወጣ ጥያቄውን መለሰች።

«ቅቤ የሚቀባው ማን ነበር እትዬ?»

«እሱም፣ እኔም፣ ክንዱም። እጁ ሥራ የፈታ ሁሉ ይቀባዋል።»

«በጾምም?»

ሽታዬ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራት። «በጾምም። በሁዳዴ ቅቤ መንካት ነውር ነው እያለ ባዬ ስንቴ ተቆጣ። አላምረው ግን ‹ጠመንጃ አይጾምም› ይለዋል።»

«ከሰኞ ወዲህ ጠመንጃው በማን እጅ ነበር?»

«ማክሰኞ ክንዱ ወለወለው። ረቡዕ ባዬ ነብሩን ልጠብቅ ብሎ ወሰደው፤ ሲመሽ መለሰ። ሐሙስ እዚሁ ተሰቅሎ ዋለ። አርብ…»

«ባለቤትዎን የሚያስጨንቀው ነገር ነበር?»

«በቅበላ ማዕድ ላይ፣ ሁላችንም ባለንበት፣ ‹ክንዱ፣ የአባትህን ነገር ለፋሲካ እነግርሃለሁ፤ ከእንግዲህ መሸከም አቃተኝ› አለው። ምን እንደሆነ ለኔም አልነገረኝ።»

መቶ አለቃው የቀረውን ቀን በሰፈሩ ሲዞር ዋለ። በማግስቱ ጧት ሁሉንም ገደሉ አፋፍ ላይ ሰበሰባቸው። ጉሙ ገና አልተነሣም ነበርና እስኪገለጥ ቆመው ጠበቁ። ጠመንጃው በሁለት የገብስ ከረጢት መሀል ተጋድሟል።

«ክንዱ፣ በመነጽሩ ተመልከት። መስቀሉ የት ነው?»

«ድንጋዩ ላይ።»

መቶ አለቃው ጠመንጃውን ሳያነቃንቅ የኋላ መዝጊያውን ስቦ አወጣ። «አሁን ደግሞ ከኋላ፣ በጠመንጃው ቧንቧ ውስጥ ተመልከት።»

ክንዱ አጎንብሶ ቆየ። «ድንጋዩ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ሣር ነው። ደሙ ያለበት ሣር።»

ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

«መነጽሩ የሚያየው ድንጋዩን ነው፤ ጠመንጃው የሚያየው አያ አላምረው የሚቆምበትን። ዓይኑ አሳሳተው ያላችሁት እውነት ነው፤ የጣሊያኑ ዓይን ግን አይደለም።» መርማሪው በካቻቢቴ ብሎኖቹን ፈታና ከመነጽሩ እግር ሥር ጥፍር የምታህል ቆርቆሮ አወጣ። «መነጽሩን ያዘመመችው ይቺ ናት። ያስቀመጣት ሰው የሽማግሌውን ቦታ በእርምጃ ያውቃል። ይህን ደግሞ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።»

«እንግዲያማ ጠጋኙ ነዋ» አለ ባዬ።

«እንኳየሁ የሚይዘው የማኪና ዘይት ነው። አሽትተው ይንገሩኝ፤ ይኸ ምንድን ነው?»

ባዬ እጁን አልዘረጋም። የተቀበለው እንኳየሁ ነው። «ኑግ» አለ።

«ኑግ ነው። ጠመንጃው ከላይ እስከ ታች ቅቤ ነው፤ ቆርቆሮዋና ብሎኖቹ ግን ኑግ ናቸው። እትዬ ሽታዬ ወይም ክንዱ ቢሆኑ ኖሮ ቅቤ ይሆን ነበር፤ በዚህ ቤት ጠመንጃ አይጾምምና። ብሎን ማለስለሻ ፈልጎ፣ በሁዳዴ ግን ቅቤ መንካት የፈራ ሰው አንድ ብቻ ነው። ትናንት ከአውድማዎ በታች በኖራ የተቀባ ጽድ አገኘሁ፣ አያ ባዬ። ምልክቱን ጥይት አልነካውም። ጥይቱ ያለው ከእሱ በስተቀኝ፣ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ዛፍ ውስጥ ነው። ረቡዕ ዕለት ሲለኩ የዋሉት ነብር አልነበረም።»

የባዬ እጅ የነጠላውን ጥለት ያዘ፣ ለቀቀ፣ ደግሞ ያዘ።

«አሥራ አምስት ዓመት ዝም ብሎኝ» አለ በመጨረሻ፤ «ምነው ጥቂት ቢቆይልኝ?»

ክንዱ ብድግ አለ። «አባቴን የጠቆምኸው አንተ ነህ?»

ባዬ ነጠላውን ሳብ አድርጎ ፊቱን ከለለ። ሽታዬ ፊቱ መጥታ ቆመች።

«ወንድምህን በልጃችን እጅ ለመግደል ያልፈራህ ሰው፣ ቅቤ ለመንካት ፈራህ?»

ከመቶ አለቃው ጋር የመጡት ፖሊሶች ይዘውት ወደ ማኪናቸው ወረዱ። ሰው እየተንሾካሾከ ተበተነ። ክንዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ጌታዬ፣ ቃታውን የሳበው ይኸው እጄ ነው እኮ» አለ።

መቶ አለቃው መነጽሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ሽታዬ ቤት ገብታ ውሃ ይዛ ተመለሰች። «ና፣ እጅህን ላስታጥብህ፤ እህል ትቀምሳለህ» አለችው። ውሃውን ስታፈስለት ክንዱ ጆሮውን ወደ ማዶ እንደጣለ ነው። አየችው። ማሰሮውን አስቀመጠችና አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ መለሰችው።

«ሳተ፣ ልጄ» አለችው። «አንተ ያነጣጠርኸው ድንጋዩን ነው። ሳተ።»